የፈላ ውኃ ሙጫ አያቀልጥም፦ የተጣበቁ ፊገሮችን ስለ መፍታት ለተለመደው አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

ከፊልም፣ ከካርቱንና ከቪዲዮ ጨዋታ የተቀዱ የፕላስቲክ ምስሎችን፣ በተለምዶ ፊገር የሚባሉትን፣ ከሚሰበስቡ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የገዙትን እንዳለ አያስቀምጡትም። ፈትተው ራሱን ይለውጣሉ፣ ክንዱን በሌላ ይተካሉ፣ ቀለሙን አንሥተው እንደገና ይቀባሉ። በእነዚህ ባለሙያዎች ዘንድ ሳይመረመር የኖረ አንድ አስተያየት አለ። በቅን ልቡና ባጠቃልለው እንዲህ ይላል፦ የፊገር ክፍሎች በሙጫ ተያይዘዋል፤ ሙጫ በሙቀት ይቀልጣል፤ ስለዚህ ምስሉን በፈላ ውኃ ነክሮ መሳብ ይበቃል፤ እምቢ ካለ ሙቀት መጨመር፤ አሁንም እምቢ ካለ በአሴቶን ማሟሟት፤ መጋዝ ግን ትዕግሥት ያጣ ሰው ሥራ ነው።

አስተያየቱን የሚያራምዱት ሰዎች ልምድ የጎደላቸው አይደሉም። በፈላ ውኃ የነከሩት ምስል በእርግጥም ተፈትቶላቸዋል፤ እኔም ይህን አልክድም። የምከራከረው ለውጤቱ ከሰጡት ማብራሪያና ከማብራሪያው ካወጡት ደንብ ጋር ነው። የተሳሳተ ማብራሪያ ሥራው እስከ ቀና ድረስ ጉዳት የለውም፤ ሥራው እምቢ ያለ ዕለት ግን ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት የሚወስነው ማብራሪያው ነው። ምስሎች የሚሰበሩት፣ እጆችም የሚቃጠሉት በዚያ ጊዜ ነው። አቋሜ አጭር ነው፦ በሙቅ ውኃ በተፈታ ፊገር ላይ በዋናነት የተሸነፈው ፕላስቲኩ እንጂ ሙጫው አይደለም። ይህ ከታወቀ አብዛኛው የተለመደ ምክር ተገልብጦ መጻፍ አለበት።

አንደኛ፦ “የማይላቀቅ ሁሉ ተጣብቋል” የሚለው መነሻ ስህተት ነው።

አስተያየቱ የሚጀምረው ካልተረጋገጠ ግምት ነው። አንድ ክፍል በእጅ ሲሳብ አልወጣም ማለት ሙጫ አለበት ማለት አይደለም። የፊገር ክፍሎች ቢያንስ በአምስት መንገድ ይያያዛሉ። አንዳንዱ ጫፉ ሰፋ ያለ ተሰኪ ከእርሱ በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ በኃይል ገብቶ የተያዘ ነው። አንዳንዱ በብሎን ታስሯል፤ ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት ትናንሾቹ የጂ.አይ. ጆ ምስሎች አካላቸው የተያዘው በጀርባ ባለ አንድ ብሎንና በውስጥ በሚገኝ የጎማ ቀለበት ነው፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው ካቻቢቴ ብቻ ነው። ሌላው በአልትራሶኒክ ንዝረት የተበየደ ነው፤ ንዝረቱ ሁለቱን ጠርዞች በሰበቃ ሙቀት አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል፣ በመካከላቸው የሚገባ ምንም ባዕድ ነገር የለም። አራተኛው በአሟሟ ፈሳሽ የተዋሐደ ነው፤ የፖሊስታይሪን ሞዴሎች የሚገጠሙበት ማጣበቂያ ሁለቱን ገጾች አሟሙቶ ካቀላቀለ በኋላ ራሱ ይተናል። በትክክል ሙጫ የሚባለው አምስተኛው ብቻ ነው።

ከአምስቱ አራቱ ላይ የሚቀልጥ ሙጫ የለም። ብሎን ያለበትን ምስል የሚቀቅል ሰው ድካሙን ያባክናል፤ የተበየደውን ደረት የሚቀቅል ሰው ደግሞ ብየዳው ከመላቀቁ በፊት ደረቱ ራሱ ይጣመምበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “እንዴት ላሙቀው?” መሆን አይገባውም። “በምን ተያይዟል?” የሚለው ይቀድማል።

ሁለተኛ፦ ሙጫ ባለበትም ቢሆን የሙቅ ውኃ ዋና ሥራ ሙጫውን ማቅለጥ አይደለም።

በፊገር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሙጫ ሳያኖአክሪሌት፣ በተለምዶ አጠራር ሱፐር ግሉ ነው። ይህን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1942 ያገኙት የኢስትማን ኮዳክ ባልደረባ የነበሩት ኬሚስት ሃሪ ኩቨር ናቸው፤ ለገበያ የወጣው በ1958 ነው። የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ በአየርና በገጽ ላይ ካለ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ሞለኪውሎቹ በረጅም ሰንሰለት ሲያያዙ ነው። የተያያዘው ሰንሰለት በፈላ ውኃ አይፈስም። ሙቀት ሲጨምር ጥንካሬው እንደሚቀንስ አልክድም፤ የተለመዱት ዓይነቶች ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለረጅም አገልግሎት እንደማይመከሩም ይታወቃል። ነገር ግን መዳከም ሌላ፣ መቅለጥ ሌላ ነው። የተለመደው አስተያየት የሚሳሳተው ሁለቱን እንደ አንድ በመቁጠሩ ነው።

የሚለሰልሰው ፕላስቲኩ ለመሆኑ ሦስት ማስረጃ አቀርባለሁ።

ሀ) ሙጫ ጨርሶ የሌለበት፣ በኃይል ብቻ የገባ ራስም በሙቅ ውኃ ሲነከር በቀላሉ ይወጣል። አንድ ውጤት የተባለው ምክንያት በሌለበትም የሚታይ ከሆነ ያን ምክንያት ብቸኛ ማብራሪያ ማድረግ አይቻልም።

ለ) የጃፓን ፊገር አምራቾች በመመሪያቸው ክፍሉ አልገባ ሲል በሙቅ ውኃ ወይም በፀጉር ማድረቂያ እንዲሞቅ ይመክራሉ። እዚህ ሙቀት የሚያገለግለው ለመፍታት ሳይሆን ለመግጠም ነው። ለመግጠምም ለመፍታትም እኩል የሚሠራ ነገር የሚነካው ለሁለቱም የጋራ የሆነውን አካል፣ ማለትም ፕላስቲኩን ነው።

ሐ) ኤቢኤስ ከተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ሁለት ክፍሎች በሱፐር ግሉ ሲጣበቁና ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ለስላሳው ዓይነት ከኤቢኤስ ጋር ሲጣበቅ በሙቅ ውኃ አንድ ዓይነት ጠባይ አያሳዩም። ለስላሳው ይላቀቃል፤ ጠንካሮቹ ይጸናሉ። ሙጫው አንድ፣ የውኃው ሙቀት አንድ፣ የተለያየው የፕላስቲኩ ዓይነት ብቻ ነው። ልዩነቱን ያመጣውም እርሱ ነው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የፒቪሲ ቱቦ አሙቆ ሲያጥፍ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ በዚያ ቱቦ ላይ ሙጫ የለም፣ ቱቦው ራሱ ነው የሚለዝበው። የፊገሩም ራስ እንዲሁ ነው። ሲለሰልስ ጠርዙ ይታጠፋል፣ የታጠፈውም ጠርዝ ከደረቁ ሙጫ ላይ ይላጣል። ሱፐር ግሉ ቀጥ ብሎ የሚመጣን ጉተታ በደንብ ይቋቋማል፤ ከጠርዝ ጀምሮ በሚመጣ ልጠት ግን ደካማ ነው። በዚህ ምክንያት የሚረዳው ከጎን ወደ ጎን እያወዛወዙ መላጥ ነው። “ነክረህ ሳብ” የሚለው ምክር ሙጫውን በጠነከረበት አቅጣጫ እንድንገጥመው ያዘናል።

ሦስተኛ፦ “የፈላ ውኃ” የሙቀት መለኪያ አይደለም።

ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ወዳጃችን “ፈላ ውኃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ” ብሎ ቢጽፍልን እርሱ የተጠቀመበት ውኃና እኛ የምንጠቀምበት ውኃ የስምንት ዲግሪ ያህል ልዩነት አላቸው። ልዩነቱ ደግሞ የሚወድቀው ጉዳዩ በሚወሰንበት ቦታ ላይ ነው፤ ጠንካራ ፒቪሲ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ይለዝባል፣ ኤቢኤስ ደግሞ በ105 ዲግሪ ገደማ። በባሕር ጠለል የሚገኝ የፈላ ውኃ ለኤቢኤስ የሚተወው ክፍተት አምስት ዲግሪ ብቻ ነው። ቀጭን የኤቢኤስ ሰይፍ ወይም ጣት ደግሞ ሲቀረጽ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ስላለው ከዚያም በታች ሊጣመም ይችላል።

በዚህ ላይ ፒቪሲ ራሱ አንድ ዓይነት ቁስ አይደለም። የሚለሰልሰው በተጨመረለት ማለስለሻ ዓይነትና መጠን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ አሜሪካም በ2008 ባወጣችው ሕግ ፍታሌት የተባሉትን አንዳንድ ማለስለሻዎች በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይገኙ ከልክለዋል። ስለዚህ በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ የተሠራ ምስልና የዛሬው ምስል ሁለቱም ፒቪሲ ቢባሉም ቅመማቸው አንድ ላይሆን ይችላል። በአንዱ የተፈተነ ሙቀትና ደቂቃ ለሌላው ዋስትና አይሰጥም። በቴርሞሜትር የሚለካ ዲግሪ ሳይጠቅሱ “ቀቅለው” ማለት ምክር አይባልም።

አራተኛ፦ “እምቢ ካለ ሙቀት ጨምር” የሚለው ደንብ ማስረጃውን ወደ ኋላ ያነበበ ነው።

በ80 ዲግሪ የተነከረ መገጣጠሚያ ካልተንቀሳቀሰ ይህ ራሱ መረጃ ነው። ወይ ሁለቱም ክፍሎች ጠንካራ ናቸው፣ ወይ ተበይደዋል፣ ወይ ተሰኪው መዞር የማይችል ባለ ማዕዘን ቅርጽ ያለው ነው። በሦስቱም ሁኔታ ተጨማሪ ሙቀት መልስ አይሆንም። የተለመደው አስተያየት ግን እምቢታውን “ሙቀቱ አነሰ” ብሎ ብቻ ይተረጉመዋል። እንዲህ ያለ ደንብ መቼም ሊሳሳት አይችልም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ውድቀት ራሱን ደንቡን የበለጠ እንዲሠሩበት ያዛል። የሚያቆመው ምስሉ ሲበላሽ ብቻ ነው።

መጨረሻው ቀለም ለመላጥ የሚያገለግለው የሙቅ አየር መሣሪያ ነው። ከመሣሪያው አፍ የሚወጣው አየር ከ500 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ሙቀት ፒቪሲ መለስለሱን አልፎ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን የሚያቃጥል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል። በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ምናልባትም ልጆች ባሉበት ቤት፣ ለአንድ ክንድ ሲባል የሚወሰድ አደጋ አይደለም።

አምስተኛ፦ አሴቶን ሙጫውን ማሟሟቱ ብቻውን ለአጠቃቀሙ ማስረጃ አይሆንም።

አሴቶን የጠነከረ ሱፐር ግሉን ያሟሟል፤ ይህ እውነት ነው። ከዚህ እውነት “ስለዚህ ለፊገር ይሆናል” የሚለው መደምደሚያ ግን አይከተልም። አሟሟ ፈሳሽ ጠቃሚ የሚሆነው ሙጫውን ሲያጠቃና አካሉን ሲተው ነው። አሴቶን ኤቢኤስንም ፖሊስታይሪንንም ያሟሟል፣ ፒቪሲን ያሳብጣል፣ ቀለምንም ያነሣል። በአሴቶን የማይጎዱት ፖሊኢታይሊንና ፖሊፕሮፒሊን ናቸው፤ ነገር ግን ሱፐር ግሉ ያለ ልዩ ቅድመ ቅብ በእነዚህ ሁለት ፕላስቲኮች ላይ አይይዝም። እንግዲህ ክርክሩ ራሱን ይዘጋል፦ ከተለመዱት የፊገር ፕላስቲኮች መካከል ሙጫው የሚይዝበት በአሴቶን ይጎዳል፣ አሴቶን የማይጎዳው ደግሞ ከመጀመሪያውም ሙጫው አይይዘውም።

አንድ ነጥብ መስጠት ተገቢ ነው። በሱፐር ግሉ የተገጠሙ የብረት ምስሎች፣ ለምሳሌ በጠረጴዛ ላይ ለሚካሄዱ የጦርነት ጨዋታዎች የሚሠሩት፣ በአሴቶን ተነክረው በሰላም ይፈታሉ፤ ብረቱን አይነካውምና። ምክሩ እዚያ ትክክል ነው። ስህተቱ ለብረት የተነገረውን ለፕላስቲክ ማዛወር ነው። ብረት በሚፈታበት ጊዜም ቢሆን አሴቶን ተኑ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ እንኳ እሳት ሊይዝ የሚችል ፈሳሽ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ከምድጃና ከሻማ ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ የሚሠራ ነው።

ስድስተኛ፦ መጋዝ የሽንፈት ምልክት አይደለም።

ለተበየደ ደረትና ለተዋሐደ መገጣጠሚያ ጥሩ መፍቻ የሚሆነው ብዙ ጊዜ መጋዝ ነው። የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ቀጭን የሞዴል መጋዝ የሚበላው ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ስፋት ነው፤ ያም በመጋጠሚያው መስመር ላይ ይቀራል፣ በኢፖክሲ ስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የሙቀት ጉዳት ግን ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ክንዱን ለማስለቀቅ የተነሣው ሙቀት ፊቱን ያጣምማል። የተጣመመ ፊት በስቱኮ አይመለስም። በሚጠገን የታወቀ ጉዳትና በማይጠገን ያልታወቀ ጉዳት መካከል ምርጫ ሲቀርብ አስተዋይ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል።

ሰባተኛ፦ “ለእኔ ሠርቶልኛል” የሚለው ምስክርነት ሚዛኑ የጎደለ ነው።

የተለመደው አስተያየት ዋና ድጋፉ የተሳካላቸው ሰዎች ቃል ነው። ይሁን እንጂ ሥራው የተሳካለት ሰው የተሠራውን ምስል አንሥቶ ያሳያል፤ የተሰበረበት ሰው ስባሪውን ወደ ቆሻሻ ይጥላል። የምንሰማው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የተሳካላቸው ሰዎች ምስሎች አብዛኞቹ ለስላሳ ፒቪሲ በመሆናቸው ውጤቱን ያመጣው ቁሱ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለዘዴው ይሰጣል። ይህ ምስክርነት የሚያረጋግጠው ለስላሳ ፒቪሲ በሙቀት እንደሚለሰልስ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ደግሞ ክርክር የለንም።

ተቃውሞ ቢነሣ

“ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ዘዴው እስከ ሠራ ድረስ ምን ቸገረን?” የሚል ሊኖር ይችላል። ተግባራዊ የሚመስለው ይህ ተቃውሞ በተግባር ይወድቃል። ምክንያቱን ሙጫው ነው ያለ ሰው ሙቀቱን በመጋጠሚያው ዙሪያ ሁሉ ያዳርሳል፣ ጠንካራውንም ክፍል አብሮ ይቀቅላል፣ ቀጥ አድርጎም ይጎትታል። ምክንያቱ ፕላስቲኩ እንደሆነ የተረዳ ሰው ግን ለስላሳውን ክፍል ብቻ ያሞቃል፣ ጠንካራውን በቀዝቃዛ እጅ ይይዛል፣ ከጠርዝ ጀምሮ ይልጣል። አንዱ ምስል በሁለቱ ሰዎች እጅ የሚገጥመው ዕጣ አንድ አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ቅዝቃዜ ነው። ሙጫው እንዲላቀቅ ምስሉን በፍሪዘር ማስቀመጥ ከንቱ ልማድ ነው የሚሉ አሉ። የሱፐር ግሉን ጠባይ ስንመለከት ግን ለንቀት የሚያበቃ ምክንያት አናገኝም። ሱፐር ግሉ ድንገተኛ ምትን ቀድሞውንም የማይወድ ሙጫ ነው፤ በቤት ፍሪዘር ቅዝቃዜ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ፣ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል። ለብረትና ሬዚን ከተባለው ፕላስቲክ ለተሠራ ወፍራም ክፍል ይህ ይጠቅማል። ለቀጭን ፒቪሲ ግን አይመከርም፣ እርሱም አብሮ ይሰባበራልና። እዚህም ወሳኙ የቁሱ ዓይነት ነው።

ከዚህ የሚከተለው አሠራር

የተለመደውን ምክር ማፍረስ ብቻውን ስለማይበቃ በቦታው የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1. አስቀድሞ መመርመር። ብሎን ካለ በካቻቢቴ ይፈታ። የመጋጠሚያው መስመር ክፍተት ይኑረው ወይም የተዋሐደ ይሁን በደማቅ ብርሃን ይታይ። የትኛው ክፍል በጥፍር ሲጫኑት እንደሚሰጥ፣ የትኛው እንደማይሰጥ ይለይ።

2. በቴርሞሜትር መሥራት። ከ60 ዲግሪ መጀመር፣ ለስላሳውን ክፍል ብቻ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ መንከር፣ ካልተንቀሳቀሰ ወደ 70፣ ቢበዛ ወደ 80 ማድረስ። መብራት ወይም ባትሪ ያለበት ምስል ውኃ አይነካውም።

3. እጅን መጠበቅ። የ60 ዲግሪ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሰከንድ ገደማ በጽኑ ያቃጥላል። ምስሉ በጉጠት ይያዝ። ሱፐር ግሉ በሚነካበት ሥራ የጥጥ ጓንት አይደረግ፤ ፈሳሹ ሙጫ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ በፍጥነት ጠንክሮ የሚያቃጥል ሙቀት ይፈጥራል።

4. ማወዛወዝ እንጂ አለመጎተት፤ ተሰኪው ክብ መሆኑ ካልታወቀ አለማዞር። ባለ ማዕዘን ተሰኪ ሲዞር ይቀነጠሳል። የተከፈተው ጠርዝ ውስጥ የጥርስ ማጽጃ ክር ማስገባትና እየሳቡ ማሳለፍ ይጠቅማል።

5. የማቆሚያ ምልክት ማወቅ። ፕላስቲኩ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ነጣ ካለ ውስጡ መሰንጠቅ ጀምሯል። በዚያች ቅጽበት ይቁም፣ ይቀዝቅዝ፣ ወደ መጋዝ ይዞር።

6. ትክክለኛ ቅርጹን እንደያዘ በቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ። ለስላሳ ሳለ የተጣመመ ክፍል ሲቀዘቅዝ እንደተጣመመ ይቀራል።

7. በመጋዝ የተለየውን ክፍል በትንሽ ትራፓኖ በስቶ በሽቦ ወይም በማግኔት መልሶ መግጠም። ሲጋዝና ሲፈገፈግ የአቧራ መከላከያ ማድረግ፣ በተለይም ሬዚን ከሆነ።

ለተለመደው አስተያየት ባለቤቶች ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ለጀማሪ ምክር ስትሰጡ “ቀቅለህ ሳብ” አትበሉት፤ የምስሉን ቁስ፣ የመገጣጠሚያውን ዓይነትና የውኃውን ዲግሪ አብራችሁ ንገሩት። የተሰበሩባችሁንም ምስሎች ከተሳኩላችሁ እኩል አሳዩት። ሦስቱን ሳይጠቅስ የሚሰጥ ምክር በለስላሳ ፒቪሲ ላይ ይሠራል፣ በቀሪው ላይ ያታልላል፤ ጀማሪው ደግሞ በእጁ የያዘው የትኛው እንደሆነ ገና አያውቅም።